ያለቀሰው ተከላካይና የቆላው ልጆቻችን

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በነጌሌ ቦረና፣ በያቤሎ ወይም በሞያሌ የዲኤስቲቪ ቤቶች በር ላይ ልጆች ይኮለኮላሉ። ብዙዎቹ የአርሰናል ማሊያ ለብሰዋል፤ የተጫዋቾቹን ስም ከነቁጥራቸው ይጠራሉ። በቅርብ ዓመታት አፋቸው ከለመደው ስም አንዱ የዩክሬናዊው ተከላካይ የኦሌክሳንደር ዚንቼንኮ ነው።

ዚንቼንኮ እ.ኤ.አ. በ1996 ራዶሚሽል በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። በሻክታር ዶኔትስክ የወጣቶች ቡድን ሲያድግ፣ በ2014 ጦርነት ዶኔትስክ ደረሰና ከቤተሰቡ ጋር ተሰደደ። በውል ጉዳይ ለወራት ያለ ክለብ ቆየ። በኋላ በሩሲያው ኡፋ ተሰለፈ፤ በ2016 ማንችስተር ሲቲ ወሰደው። አማካይ የነበረውን ልጅ ፔፕ ጓርዲዮላ በግራ ተከላካይነት አሰለፉት፤ እሱም በዚያው ቦታ ታወቀ። 4 የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ አንስቶ በ2022 ወደ አርሰናል ተዛወረ።

ወላጆች ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው ግን በዚያው በ2022 ግንቦት ማብቂያ ላይ የሆነውን ነው። አገሩ በጦርነት ላይ ነበረች። ከስኮትላንድ ጋር ለሚደረገው የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ዋዜማ ግላስጎው ላይ ጋዜጠኞች ፊት ሲቀርብ እንባው መጣ። የዩክሬናዊ ሁሉ ሕልም የጦርነቱ መቆም መሆኑን ተናገረ። በማግስቱ ሜዳ ገባ፤ ቡድኑም 3 ለ 1 አሸነፈ። እንባው ጉልበቱን አልነሳውም።

እኛ ቤት "ወንድ ልጅ አያለቅስም" እንላለን። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቦረና አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ሲከሽፉ፣ ስንቱ ልጅ በስም የሚጠራት ላም ስትወድቅ አየ! ስንቱስ ከቀዬው ወጥቶ መጠለያ አደረ! ሐዘኑን ያወጣው ጥቂቱ ነው።

በነርስነት ዘመኔ እንዳየሁት፣ የልጅ ሐዘን ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሌላ መልክ ይዞ ነው። ምርመራ ምክንያት የማያገኝለት የሆድ ወይም የራስ ሕመም፣ ትቶት የነበረው አልጋ ማርጠብ ተመልሶ መምጣት፣ ቅዠት፣ ቁጣ፣ ከጨዋታ መሸሽ ምልክቶቹ ናቸው። ማስታገሻ ብቻ መስጠት አይበቃም።

ምን እናድርግ? ልጁ ሲያለቅስ አናሹፍበት፤ "ከአንተ የባሰ አለ" አንበለው። አጠገቡ ተቀምጠን እስኪጨርስ እንስማው። የመኝታውና የትምህርቱ ሰዓት አይዛባ፤ ኳሱንም አንከልክለው። ሮጦ የደከመ ልጅ እንቅልፉም ይሻለዋል። ምልክቶቹ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆዩ ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው። ስለ መሞት ካወራ ግን አንድ ቀን እንኳ አናሳድር።

ወሬውን ከየት እንደምትጀምሩ ከጨነቃችሁ፣ ዚንቼንኮ ለምን ያለቀሰ እንደሚመስለው ጠይቁት። ስለ ተጫዋቹ ሲያወራ ስለ ራሱም ይነግራችሁ ይሆናል። ያን ጊዜ እናንተ ዝም ብላችሁ አድምጡ።