ጩኸትና ክብደት

ባለፈው ክረምት አራት ወጣቶች የሮክ ቅጂያቸውን ይዘው በሳሊተ ምሕረት ሠፈር ወዳለችው ጠባብ ስቱዲዮዬ መጥተው፣ ከመካከላቸው ጊታሪስቱ «ጋሼ፣ ከ‹ኤርታሌ› በላይ ይክበድልን» ቢለኝ፣ ክብደት ሲል ጩኸት ማለቱ እንደ ሆነ እያወቅሁ የድምፁን ጣሪያ የሚይዘውን ሊሚተር እስከ መጨረሻው ገፍቼ ሰጠኋቸው፤ እነርሱ ደስ ብሏቸው ሄዱ፣ እኔን ግን እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ጩኸትን ክብደት የማለትን ስሕተት ሳልሰማ የዋልሁበት ሳምንት ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣውን የጃኖ ባንድ «ኤርታሌ» ፕሮዲውስ ያደረገው ቢል ላስዌል ቀድሞ የጂጂን አልበም የሠራ፣ ደግሞም ከናፓልም ዴዝ ባንድ ከበሮ መቺ ከሚክ ሃሪስ ጋር «ፔይንኪለር» በተባለው ቡድን ቤዝ የተጫወተ ሰው ነውና፣ የክብደትን ነገር ከምንጩ ያውቀዋል። ናፓልም ዴዝ እ.ኤ.አ. በ1987 «ስከም» በተባለው አልበሙ 28 ዜማዎችን በ33 ደቂቃ ገደማ ሲያጭቅ፣ አንዲቱን ከሁለት ሰኮንድ ባነሰ ጊዜ ጨርሷታል፤ ያቺ ዜማ ሰሚውን የምታስደነግጠው ድንገት ቆማ ጸጥታውን ስለምትተውለት ነው። ጊታር ላይ ዲስቶርሽን በበዛ መጠን ክሩ የተመታባት ቅጽበት ትሟሽሻለች፤ ለሰሚው የጊታር የሚመስለው ክብደትም አብዛኛውን ጊዜ ከሥሩ የሚሄደው የቤዝና የእግር ከበሮ ነው። ሁሉ በአንድነት ጣሪያ ሲነካማ የድምፁ ማዕበል በስክሪኑ ላይ እንደ ጡብ ይደረደራል፤ ዩቲዩብም ከልክ ያለፈውን ቅጂ በራሱ ዝቅ ስለሚያደርገው፣ ባለቤቱ ጩኸቱንም ክብደቱንም ያጣል። ይህን ስንት ጊዜ ተናግሬአለሁ!

ለእኛ ግን ክብደት ከጸጥታ እንደሚመጣ ከባዕድ የሚለመን ትምህርት አልነበረም። በሳሊተ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ማኅሌት ቆሞ ያደረ ሰው እንደሚያውቀው፣ ሊቃውንቱ ከበሮ ሳይነካ በቁም ይጀምራሉ፤ ዝማሜው በመቋሚያ እየተወዛወዘ ከተከተለ በኋላ ነው መረግዱ የሚመጣ፤ ያን ጊዜ መቺው ጎንበስ ብሎ የከበሮውን ሰፊ ፊት አንድ ጊዜ ይመታና፣ ድምፁ ደረት ውስጥ ገብቶ እስኪያልቅ ድረስ እጁን በአየር ላይ ያቆየዋል። በመጨረሻ የሚመጣው ባለ ጭብጨባ ጽፋት ሰውን የሚያስፈነድቀው ሌሊቱን በዚያ አርምሞ ውስጥ ስላለፈ ነው፤ ገና ከዋዜማው በጽፋት ቢጀመር ኖሮ ንጋት ላይ ማን ያጨበጭብ ነበር? በየደብሩ ስለ ተሰቀለው የድምፅ ማጉያ ግን ዛሬ ባላነሣ ይሻለኛል።