ከቤት የሚወጣ ማዕድ

ከደባርቅ ደጋ ተነሥቶ፣ ጣሊያኖች በወረራቸው ዘመን ገደሉን ጠርበው በሠሩት በሊማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ድብ ባሕር የሚወርድ መንገደኛ፣ ጋቢ አስደርቦ ያስወጣው ብርድ በየኩርባው እየለቀቀው ሙቀት እንደሚቀበለው ሁሉ፣ የያዘው ምግብም ይህንኑ የአየር ለውጥ ይቀበላል፤ በደጋው ብርድ ረግቶ የነበረው ቅቤ ይቀልጣል፣ የቀጠነው ወጥ ይናወጣል፣ በትኩሱ የተከደነው እንጀራም በራሱ ላብ ይርሳል። ስለዚህ በሌላ ቦታ የሚበላ ማዕድ፣ በቤት ከሚበላው ይልቅ አስቀድሞ ሊታሰብበት ይገባል።

በእኛ አገር ምግብን ከየቤቱ አውጥቶ በአንድነት መብላት የቆየ ሥርዓት ነው። ምእመናን ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ በሰንበቴ ቤት ይሰበሰባሉ፤ ተረኞቹም እንጀራውን፣ ዳቦውንና ጠላውን ተሸክመው ያቀርባሉ። ከሁሉ ይልቅ ማስተዋል የሚሻው ግን እዝን ነው፤ ይኸውም ጎረቤትና ዘመድ ወደ ለቀስተኛው ቤት ይዞት የሚሄደው ምግብ ነው። ሐዘን የገባበት ቤት ምጣድ ለመጣድ ኃይል የለውምና፣ አሙቁልኝ፣ ጨው ጨምሩበት የሚያሰኝ ምግብ ይዞ መሄድ ልናቃልለው የሄድነውን ሸክም ማክበድ ይሆናል። በእኔ አስተያየት ተመራጩ ምግብ በቤት ተፈጽሞ የሚወጣ፣ ሲቀዘቅዝ ጣዕሙ የማይጎድል፣ ጾመኛውንም ከማዕድ የማይለይ ነው።

ለዚህ ሁሉ ከስልጆ የሚሻል አላውቅም። የባቄላ ዱቄት በሱፍ ውኃ ተበጥብጦ በእሳት ይበስላል፤ ከቀዘቀዘም በኋላ ሰናፍጭ፣ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም ገብቶበት ለጥቂት ቀናት ተከድኖ ይቦካል። ኮምጣጣነቱ ቶሎ እንዳይበላሽ ይጠብቀዋል፤ እንደ ቀዘቀዘ መበላቱም ጠባዩ ነው፤ ሥጋም ቅቤም የለበትምና በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናትም ሆነ በረቡዕና በዓርብ ካህኑም ባልቴቷም ያለ ኅሊና ወቀሳ ይመገቡታል። ሰናፍጭ የገባበት የምስር አዚፋም ከዚሁ ወገን ነው።

በፍስክ ወራት ዶሮ ወጥ ይዞ መሄድ የሚወድ ብዙ ነው፤ ክብሩንም አልነቅፍም። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት የበሰለ ምግብ እሳትም ማቀዝቀዣም በሌለበት ከ2 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ ይመክራልና፣ እንዲህ ያለው ወጥ ለቅርብ ጎረቤት እንጂ ለሩቅ መንገድ አይሆንም። አባቶቻችን ለዘመቻ በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ቋንታ የሰነቁት ርጥበት ያነሰው ምግብ ቶሎ እንደማይበላሽ ከኑሮ ተምረው ነው።

ከምግብ መያዣም ከአገልግል የበለጠ የታሰበበት ያለ አይመስለኝም፤ በአክርማና በስንደዶ ተሰፍቶ በፍየል ቆዳ የተለበጠ፣ ክዳኑም በጠፍር የሚታሰር በመሆኑ፣ በበቅሎም በአውቶቡስም ቢናወጥ ያለበትን አያፈስም። ሆኖም እንጀራው በሰፌድ ላይ በሚገባ ሳይቀዘቅዝ ከተጠቀለለ ቶሎ ይሻግታል። ወጡም መረቁ ከበዛ አስቀድሞ መፈትፈት ይሻላል፤ እንጀራው መረቁን ይጠጣዋልና የሚፈስ ነገር አይቀርም፣ ተመጋቢውም ተጨማሪ ሳሕን አይፈልግም። ወደ ለቀስተኛ ቤት የሚሄድ ሰው ደግሞ ማቅረቢያውንና የእጅ መታጠቢያውን ውኃ ሳይቀር ይዞ ይሂድ፤ ሲመለስም ዕቃውን ራሱ ሰብስቦ ይውሰድ።