በጨለማ የሚያበሩ ቀለሞች፦ የተሰበረ ጂን እንዴት ይገኛል?

በአንድ የሰው ሴል ውስጥ በተለምዶ 46 ክሮሞሶሞች አሉ። የሰውነታችንን መመሪያ የያዘው ዲኤንኤ በእነዚህ ውስጥ ተጠቅልሎ ይገኛል። አንዳንድ ጊዜ ግን ክሮሞሶሞች ይሰበሩና ቁራጮቻቸው ያለ ቦታቸው ይገጠማሉ። ተራርቀው መኖር የነበረባቸው ሁለት ጂኖች በዚህ ምክንያት ሲጣመሩ ሴሉ ያለ ልክ ሊባዛና ካንሰር ሊከተል ይችላል። ለመሆኑ እንዲህ ያለው ስብራት በላቦራቶሪ እንዴት ይታወቃል?

የፊላደልፊያ ክሮሞሶም

እ.ኤ.አ. በ1960 ፒተር ኖዌልና ዴቪድ ሃንገርፎርድ ክሮኒክ ማየሎይድ ሉኪሚያ በሚባለው የደም ካንሰር በተያዙ ሰዎች ሴሎች ውስጥ ከወትሮው ያጠረ ክሮሞሶም አዩ። «የፊላደልፊያ ክሮሞሶም» ተባለ። ስሙ የመጣው በዮሐንስ ራእይ ከምናውቃት ከተማ ሳይሆን ተመራማሪዎቹ ከሠሩባት የአሜሪካ ከተማ ነው። በ1973 ጃኔት ራውሊ ምስጢሩን ፈታችው፦ ክሮሞሶም 9 እና ክሮሞሶም 22 ቁራጭ ተለዋውጠዋል። የተጣመሩት ጂኖች ቢሲአር እና ኤቢኤል ይባላሉ።

ፕሮብ ምንድን ነው?

ዲኤንኤ ሁለት ክሮች ያሉት ሲሆን እያንዳንዱ ክር ከጥንዱ ጋር ብቻ በትክክል ይገጥማል። ፕሮብ የሚፈለገው ጂን ጥንድ ሆኖ የተዘጋጀና የሚያበራ ቀለም የተያያዘበት የዲኤንኤ ቁራጭ ነው። በስላይድ ላይ ያሉት ሴሎች ሲሞቁ ክሮቹ ይለያያሉ፤ በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲያድሩ ደግሞ ፕሮቡ ጥንዱን አግኝቶ ይያዛል። ትርፉ ታጥቦ ሲወገድ ባለሙያው በልዩ ማይክሮስኮፕ ነጠብጣብ ብርሃኖችን ያያል። ሴሉ በመከፋፈል ላይ እስኪሆን መጠበቅም አያስፈልግም።

ቀለሞቹ ምን ይናገራሉ?

ሁለት ዋና መንገዶች አሉ። በመጀመሪያው ቢሲአር አረንጓዴ፣ ኤቢኤል ቀይ ይደረጋል። በጤናማ ሴል ቀለሞቹ ተለያይተው ይታያሉ፤ ጂኖቹ ከተጣመሩ ግን ቀዩና አረንጓዴው ተደራርበው ቢጫ ይመስላሉ።

ሁለተኛው ተቃራኒው ነው። በአንዳንድ የሳንባ ካንሰር ኤኤልኬ የተባለው ጂን ይሰበራል፤ የሚጣመረው ግን ከተለያዩ ጂኖች ጋር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሁለቱ ቀለሞች በኤኤልኬ ግራና ቀኝ ይደረጋሉ። ጤናማው ጂን ቀለሞቹን አንድ ላይ ያሳያል፤ የተሰበረው ይለያያቸዋል።

በአጋጣሚ የሚደራረቡ ነጠብጣቦችም ስላሉ በአንድ ሴል ብቻ አይፈረድም፤ ብዙ ሴሎች ይቆጠራሉ።

ጥቅሙ ምንድን ነው?

ስብራቱ ሲታወቅ መድኃኒቱም ይታወቃል። ቢሲአርና ኤቢኤል የሚሠሩትን ፕሮቲን የሚገታው ኢማቲኒብ በ2001፣ በኤኤልኬ ላይ የሚሠራው ክሪዞቲኒብ በ2011 በአሜሪካ ተፈቅደዋል። ትክክለኛው ስብራት የሌለበት ሕመምተኛ ግን ከእነዚህ መድኃኒቶች ተመሳሳይ ጥቅም አይጠብቅም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል፦ ፕሮብ የሚያገኘው እንዲፈልግ የተላከበትን ብቻ ነው። «አልተገኘም» ማለት «ሌላ ስብራት የለም» ማለት አይደለም። ስለዚህ እናንተ ወይም ከቤተሰባችሁ አንዱ ይህ ምርመራ ቢታዘዝላችሁ፣ «የተፈለገው የትኛው ጂን ነው?» ብላችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ።