የከተማ መናፈሻና የሀገር ዕፀዋት

በከተማ ውስጥ ለሕዝብ የሚሠራ መናፈሻ ሁለት አገልግሎት ሊሰጥ ይችላል። አንደኛው ለሰው ዕረፍትና ንጹሕ አየር ማስገኘት ነው፤ ሁለተኛው ከተማው ሲሠራ ከሥፍራቸው የተፈናቀሉትን ዕፀዋት፣ አዕዋፍና ነፍሳት መልሶ ማስጠጋት ነው። የመጀመሪያውን ሁሉም ያውቀዋል። ሁለተኛው ግን ታስቦበት ካልታቀደ በራሱ ስለማይመጣ፣ ዘዴውን ባጭሩ ለማስረዳት እንሞክራለን። ጉዳዩ ለአዲስ አበባ ይልቁንም አስቸኳይ ነው። በ2011 ዓ.ም. ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ለማልማት የታቀደው ሥራ ስለ ተጀመረ፣ በዚያ የሚተከለው ዛፍ የከተማዋን ጠባይ ለብዙ ዘመን የሚወስን ይሆናል።

ሀ. ስለ ምግብ

በቅድሚያ መታወቅ ያለበት፣ አረንጓዴ የሆነ ሥፍራ ሁሉ ሕይወት የሞላበት አለመሆኑ ነው። ወፍ እንዲመለስ ብንፈልግ ከምግቡ መጀመር ይገባናል። ብዙዎቹ ትናንሽ ወፎች ራሳቸው ፍሬና ጥራጥሬ ቢበሉም፣ ጫጩቶቻቸውን የሚያሳድጉት በቢራቢሮ እጭና በልዩ ልዩ ትል ነው። እጭ ደግሞ ያገኘውን ቅጠል ሁሉ አይበላም፤ አብዛኛው ዐይነት የሚመርጠው ለረዥም ዘመን አብሮት የኖረውን የሀገሩን ተክል ነው። ስለዚህ ከባሕር ማዶ በመጣ ጌጠኛ ዛፍና በታጨደ ሣር ብቻ የተሸፈነ መናፈሻ ለዐይን ቢያምርም፣ ለወፍ ባዶ ማዕድ ነው።

የሾላና የዋርካ ነገር ይህን ይበልጥ ያስረዳል። የእነዚህ ዛፎች አበባ በፍሬው ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚገኝ፣ ለእያንዳንዱ ዐይነት የተለየች ጥቃቅን ተርብ ገብታ ካላዳቀለችው ዘር አይሰጥም። ተርቧም ከዚያው ፍሬ በቀር ሌላ የምትራባበት ቦታ የላትም። አንዱ ሲጠፋ ሌላውም ይጠፋል።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ዋና ከተማችንን ከማገዶ እጦት ያዳነ ባለ ውለታ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ተጠጋግቶ በተተከለበት ሥፍራ ከሥሩ ሌላ ተክል እምብዛም ስለማይበቅል፣ መሬቱ ተራቁቶ በዝናብ ይታጠባል።

ለ. ስለ ውሃ

ሁለተኛው ነገር የወንዙ አያያዝ ነው። በሲንጋፖር ከተማ፣ ቢሻን አንግ ሞ ኪዮ በሚባለው መናፈሻ አጠገብ 2.7 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው የሲሚንቶ ቦይ ነበረ። ቦዩ ፈርሶ እ.ኤ.አ. በ2012 እየተጠማዘዘ የሚፈስ የ3.2 ኪሎ ሜትር ወንዝ ሆነ። ዳርቻውም በድንጋይና በተክል ሥር እንዲያዝ ተደረገ። ውሃው ሲሞላ በሣሩ ላይ ይሰፋል፤ ሲጎድል ሰው ይመላለስበታል። የውሃ ተርብና ልዩ ልዩ ወፍ ተመልሰዋል፤ ዓሣ እያደነ የሚኖር የወንዝ አውሬም መጥቶበታል። የእኛ ወንዞች የክረምት ጎርፍ ኃይለኛ ስለሆነና ቆሻሻም ስለሚጣልባቸው፣ ከሁሉ አስቀድሞ ፍሳሹን ማስቆም ያስፈልጋል።

ሐ. ስለ አተካከል

አርአያ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያሻንም። በብዙ የቆዩ አብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ግቢ ጥድ፣ ወይራና ዝግባ ከታች ቁጥቋጦና ሐረግ አስከትለው ይታያሉ። የጉለሌ ዕፀዋት ማዕከልም በ705 ሄክታር ላይ የባሕር ዛፉን ቦታ በሀገር በቀል ዛፍ ለመተካት ይሠራል። የመናፈሻ ነዳፊም ይህንኑ ደርብ ሊከተል ይገባዋል፤ ይኸውም ከላይ ረዥም ዛፍ፣ በመካከል ቁጥቋጦ፣ ከታች ያልታጨደ ሣርና የወደቀ ቅጠል ማለት ነው።

ጥሻ ሌባ ይደብቃል፣ እባብም ይጠራል የሚሉ አሉ። ስጋቱ ተገቢ ነው፤ መፍትሔው ግን ሁሉንም መመንጠር አይደለም። በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለውን ሣር እያጨዱ ዕይታውን ክፍት ማድረግና ቁጥቋጦውን ወደ ውስጥ ማራቅ ይበቃል።

እንግዲህ ቅጠሉ በትል የተበላ ዛፍ ሲያይ መድኃኒት ለመርጨት የሚቸኩል አትክልተኛ ቢኖር፣ ያ የተበሳ ቅጠል ለአንዲት ጫጩት ምግብ መገኘቱን እንደሚያመለክት ማስረዳት የኛ የተማሪዎች ድርሻ ነው እንላለን።