ማጀት የገባ እንግዳ

ድሮ መንገደኛ ሲመሽበት ያገኘው ደጃፍ ላይ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ይል ነበር። ሌላ የት ይሄዳል? አዲስ አበባ እንኳ እቴጌ ጣይቱ ሆቴላቸውን የከፈቱት በ1907 እ.ኤ.አ. ነው። እንግዳው እግሩን ይታጠባል፣ የተገኘውን ይበላል፣ መደብ ላይ ይተኛል፣ ሲነጋ መርቆ ይሄዳል። የበላውን ማን እንደሠራው፣ እንዴት እንደሠራው ግን አይጠይቅም። ወደ ጓዳ አንገቱን ቢያሰግግ ነውር ነው።

ስለዚህ እንግዳ መቀበል ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። አዲሱ ነገር እንግዳውን ማጀት አስገብቶ ማስተማር ነው።

በሌላው ዓለም ይህ ራሱን የቻለ መተዳደሪያ ሆኗል። ቡልጋሪያን ውሰዱ። (አዲስ አበቤ «ቡልጋሪያ» ሲባል ቶሎ የሚመጣለት የታክሲ መውረጃው ነው፤ እኔ የማወራው ስለ አገሩ ነው።) እዚያ የሄደ አገር ጎብኚ ከፈለገ አንዲት ባለሙያ ቤት ገብቶ፣ ሽርጥ አስሮ፣ ባኒፃ የሚሉትን፣ በስስ ሊጥ መካከል አይብና እንቁላል ተደርጎ የሚጋገረውን ምግብ አብሯት ይሠራል። ስለ እርጎአቸውም ሳትነግረው አትለቀውም። እርጎ የሚያረጋውን ባክቴሪያ በ1905 እ.ኤ.አ. አካባቢ ለይቶ ያወቀው የአገሯ ሰው ስታመን ግሪጎሮቭ ነው፤ ተህዋሲውም እስከ ዛሬ በቡልጋሪያ ስም ይጠራል። ዋጋው አስቀድሞ ይነገራል፣ ሰዓቱ ይታወቃል፣ የሠሩትን አብረው ይበላሉ፣ ያበቃል።

የእኔ ትምህርት ቤት አወቱ መንደራ ነው። ጅማ ከተማ፣ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከተማዋን አቋርጦ በሚያልፈው በአወቱ ወንዝ ስም የሚጠራ ሰፈር። ያስተማሩኝ እናት ስማቸው እንዲጻፍ አልፈለጉምና እማማ እያልኩ እቀጥላለሁ። ማጀት ልግባ ብዬ የጠየቅኳቸው ዕለት ሳቁብኝ።

«ወንድ ልጅ ማጀት ምን ይሠራል? ቁጭ በል፤ ይመጣልሃል።»

መጣልኝ። በማግስቱም መጣልኝ። በሦስተኛው ቀን ሰልችቷቸው ይሁን አዝነውልኝ እንጃ፣ ከእንጨት የተጠረበች ባለ ሦስት እግር በርጩማ ጉልቻው አጠገብ በእግራቸው ገፋ አደረጉልኝ። ጅማ በእንጨት ሥራ ስሟ የታወቀ ነው፤ በርጩማዋ ግን ለረጅም ሰው አልተሠራችም። ጉልበቴ አገጬን ሊነካ ምንም አልቀረው። እንደዚያ ተጣጥፌ የተማርኩት ቡና ቀላን ነው።

ቡና ቀላ የሚጠጣ ሳይሆን የሚበላ ቡና ነው። አማርኛ ተናጋሪ ስሙን ሲሰማ «ቀላ፣ ቀይ ሆነ» ማለት ሊመስለው ይችላል፤ አይደለም። በኦሮምኛ «ቀሉ» ማረድ ነው፤ ቡና ቀላም «የታረደ ቡና» እንደ ማለት ነው። በጥንቱ ሥርዓት የፍሬው ጫፍ በጥርስ ትንሽ ይነከስና ይከፈታል፤ ያ መንከስ ነው እንደ እርድ የሚቆጠረው። በሬ ለማረድ አቅም በማይኖርበት ቀን ቡና ይታረዳል ማለት ነው። ከቦረናና ከጉጂ ጀምሮ እስከ ምዕራቡ ኦሮሞ ድረስ በምርቃት፣ በጸሎትና በደስታ ቀን ይቀርባል። ቅቤው ይበላል፣ ግንባርና ፀጉርም ይቀባል። ደም ሳይፈስ እርድ የሚፈጸምበት ሌላ ምግብ እኔ አላውቅም።

የቆየ ነገር መሆኑን ለማሳየት የውጭ ምስክር ካስፈለገ ጄምስ ብሩስ አለ። ይህ እስኮትላንዳዊ ከ1769 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሁለት ዓመት ያህል በሰሜን ኢትዮጵያ ተቀምጦ፣ በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ የኦሮሞ ዘማቾች የተቆላ ቡና ወቅጠው በቅባት እያድቦለቦሉ በቆዳ ከረጢት ይዘው እንደሚጓዙ፣ አንዷ ድብልብል ለቀን ሙሉ እንደምትበቃቸው ጽፏል። ዛሬ በየሱፐርማርኬቱ በሚያብረቀርቅ ወረቀት ተጠቅልሎ ኃይል ሰጪ እየተባለ የሚሸጠው ነገር ማን ቀድሞ እንዳሰበው ለአንባቢ እተወዋለሁ።

ወደ ጉልቻው እንመለስ። የሚያስፈልገው ጀንፈል ነው፤ ማለትም ከነገለባው በፀሐይ የደረቀ ቡና። ጅማ በዓለም ገበያ በአብዛኛው የምትታወቀውም በዚሁ ዓይነት ነው፤ የጎረቤቷ የሊሙ ስም የሚጠራው በታጠበ ቡና ሲሆን፣ ቡና ነጋዴ «ጅማ 5» ሲል ግን በደረቁ የተዘጋጀውን ነው የሚለው። የእማማ ጀንፈል የመጣው ከአጋሮ መንገድ፣ ከጎማ ነው። የጎማ ሰው ቡና መጀመሪያ የታወቀው ጮጬ በተባለችው በእኛ ቀበሌ ነው ይላል። የከፋ ሰው ደግሞ አይስማማም፤ ይህ ክርክር በእኔ ዕድሜ እልባት የሚያገኝ አይመስለኝም። ዐረቢካ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ ልጅ ለመሆኑ ግን ሁለቱም ወገኖች ይመሰክራሉ፤ ሳይንሱም ከእነሱ ጋር ነው።

ጀንፈሉ ተለቅሞ ይታጠባል። አንዳንዱ ቤት ከነገለባው ያበስላል፣ አንዳንዱ ፈልፍሎ። እማማ ከነገለባው ነው። የሸክላ ምጣዱ ላይ ቅቤ ይገባል፣ ቀጥሎ ቡናው፣ ቀጥሎ ጨው። እሳቱ ዝግ ያለ መሆን አለበት። መጀመሪያ ምንም የሚሆን ነገር የለም፤ ያማስላሉ፣ እኔም አያለሁ። ከዚያ ድንገት አንዱ ፍሬ ጧ! ይላል። ሌላው ይከተላል። ገለባው ሲሰነጠቅ ቅቤው ውስጡ ይዘልቃል፤ ሽታው የተቆላ ቡናም የተነጠረ ቅቤም አይደለም፤ ሁለቱ ተጋብተው የወለዱት ሦስተኛ ነገር ነው። ጥቁር ቡናማ ሆኖ ሲያብረቀርቅ በጎድጓዳ የእንጨት ዕቃ ይገለበጣል። ሲያኝኩት መጀመሪያ ቅቤውና ጨው፣ ከዚያ የገለባው ጣፋጭነት፣ መጨረሻ ላይ ምሬቱ ይመጣል። ገብስ ቆሎ የሚቀላቅሉበትም አሉ፤ እኔ እንደዚያ ይሻለኛል።

«ቅቤው ስንት ነው?» ብዬ ጠየቅኩ፤ ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ።

«የሚበቃው።»

«ስንት ደቂቃ ይቆያል?»

«አትሰማም እንዴ?»

እውነትም የሚሰማ ነገር ነው። የጧጧታው ድምፅ ሲበረክት ይማሰላል፣ ሲሳሳ ይወርዳል፤ ሰዓቱ ጆሮ ነው። የቤት መለኪያዎቻችን ሁሉ ከገላ የተሠሩ ናቸው፤ እፍኝ፣ ጭብጥ፣ ቁንጥር። የእማማ እፍኝና የእኔ እፍኝ ደግሞ እኩል አይደለም። «ምጥን ሽሮ» ስንል የምንናገረውን ልብ ብለነው አናውቅም፤ አንዲት ሴት አስቀድማ መጥናልናለች ማለታችን ነው። «እጇ ይጣፍጣል» የሚለውን ምስጋና እስከዚያ ቀን ድረስ ለስላሳ አነጋገር አድርጌ ነበር የምወስደው። ለካስ መለኪያው በእርግጥም እጇ ላይ ነው ያለው። ደብተሬን አጠፍኩ።

ቅቤውም የራሱ ትምህርት አለው፤ ግን አጠር ላድርገው። ለቡና ቀላ ለጋ ቅቤ የሚመርጡ አሉ፣ የተነጠረም የሚያደርጉ አሉ። ሲነጠር ኮሰረትና ኮረሪማ ይገባበታል፤ ኮረሪማ ራሱ የዚሁ የደቡብ ምዕራብ ጫካ ተክል ስለሆነ እማማ የአዲስ አበባውን ኮረሪማ «የአሮጌ ሳጥን ሽታ» ይሉታል። አልተከራከርኳቸውም።

የጅማን ማጀት ከሌላው የሚለየው ሌላ ጉዳይ ማን ከማን ጋር ይበላል የሚለው ነው። ከተማዋ ከጥንት የነጋዴ መገናኛ ናት። ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. በነገሡት በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን ቤተ መንግሥቱ ጅሬን ኮረብታ ላይ፣ ገበያው ከበታቹ ሂርማታ ነበር፤ ሐሙስ ሐሙስ ከየአቅጣጫው ሲራራ ነጋዴ ይጎርፍበት ነበር። እንዲህ ባለ ከተማ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ጎረቤት ሆነው ይኖራሉ፣ ሥጋ ግን ይለያቸዋል፤ አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። ስለዚህ እንግዳው ማን እንደሆነ ሳይጠየቅ የሚቀርበው ምግብ ከቡና፣ ከማር፣ ከእህልና ከቅቤ የተሠራው ነው። ማሩ በውኃ ተበጥብጦ ሳይብላላ ብርዝ ይሆንና ለሁሉም ይቀዳል። እኔ ክርስቲያን፣ እማማ ሙስሊም፤ በርጩማዬ ላይ ስቀመጥ ሃይማኖቴን አልጠየቁኝም፤ ቀኑን ግን ጠየቁኝ። «ዛሬ ረቡዕ አይደለም አይደል?» የእኔን ጾም ከእኔ በላይ ይቆጥሩታል።

ቡናን እንደ ምግብ የሚያይ ሰው ቅጠሉንም አይጥለውም። በሐረር ቁጢ ይባላል። በቤንችና በሸኮ ደግሞ ጨሞ፤ ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ልዩ ልዩ ቅጠል ተጨምሮበት እንደ ሾርባ ይጠጣል። የአውሮፓ ኅብረት የቡና ቅጠል ፍል ለገበያ እንዲቀርብ የፈቀደው በ2020 እ.ኤ.አ. ነው። «አዲስ ምግብ» በሚለው መዝገብ ውስጥ ገብቶ።

አዲስ አበባ ተመልሼ ብቻዬን ሞከርኩት። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል፤ ለወጥ እውነት ሊሆን ይችላል፣ ለቡና ቀላ ውሸት ነው። የኤሌክትሪክ ምድጃዬ እሳት ዝግ ማለት አያውቅም። ጀንፈሉ ሳይጧጧ ከሰለ፣ ቅቤው ጨሰ፣ ጎረቤት በር አንኳኳ። ሁለተኛው ሙከራ ተበላ። ሦስተኛውን ለእንግዳ አቀረብኩት፤ ገለባውን የት ልትፋ ብሎ ጠየቀኝ።

አሁን ወደ ከበደኝ ነገር ልምጣ፤ ወደ ገንዘቡ። ለእማማ ልክፈል ስላቸው ፊታቸው ተለወጠ። «እንግዳ ያስከፍላል?» አሉ። ልክ ናቸው፤ የእግዜር እንግዳ አይከፍልም። ነገር ግን እኔ ለማደር ብቻ የመጣሁ እንግዳ አልነበርኩም፤ ሙያ ልማር የመጣሁ ተማሪ ነበርኩ። ግንበኛ ግንብ ቢያስተምረኝ፣ መካኒክ መኪና መጠገን ቢያሳየኝ ሳልከፍል ብወጣ ሌባ እባላለሁ። ሴቲቱን «ባለሙያ» ብለን እናሞግሳለን፤ ለሙያዋ ዋጋ እናውጣ ሲባል ግን ነውር ይሆናል። የዚህ ነውር ተጠቃሚ ማን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ መመራመር አያስፈልግም፤ ሳሎን ቁጭ ብሎ «ይመጣልሃል» የሚባለው ሰው ነው። ቡልጋሪያዊቷ ዋጋዋን አስቀድማ በመናገሯ እንግዳ ተቀባይነቷ አልጎደለባትም። የእኛዎቹም ቢናገሩ የሚጎድልባቸው አይመስለኝም።

እስከዚያው መላ አለ፤ ሁላችንም የምናውቀው መላ። ስወጣ በር ላይ ለቆመችው የልጅ ልጃቸው ገንዘቡን አስያዝኳት፤ «ለደብተር» ብዬ። እማማ እያዩ እንዳላዩ ሆኑ። ከዚያ ወደ ውስጥ ተመልሰው፣ ባስያዝኩት ብር ሊገዛ ከሚችለው የሚበልጥ ጀንፈል በፌስታል ሞልተው አመጡልኝ። ሒሳቡ አሁንም አልተዘጋም ማለት ነው።

ጅማ የምትሄዱ ካላችሁና ማጀት ለመግባት ካሰባችሁ፣ ጿሚ ከሆናችሁ ረቡዕና ዓርብ ይቅርባችሁ፤ ረመዳን ከሆነ ከማፍጠሪያ በኋላ ሂዱ። ባዶ እጅ አትግቡ፤ ስኳር ያዙ። ቡና አትያዙ።