አረንጓዴ ብርቱካን ሁሉ ጥሬ አይደለም

በቦረናዋ መካነ ሰላም ገበያ፣ ከቆላ የወጣ ብርቱካን ልጣጩ ስላልቀላ ብቻ «ገና ጥሬ ነው» ተብሎ ሲናቅ፣ በአንጻሩም መልኩ የደመቀው ሳይቀመስ ሲመሰገን ባየሁ ቁጥር፣ ፍሬው ከአበባ እስከ ብስለት በውስጡ የሚፈጽመውን ረቂቅ ሥራ ለወገኖቼ ማስረዳት እንደሚገባኝ ይሰማኛል።

አበባው ከረገፈ በኋላ የምትቀረው ታናሽ ፍሬ አስቀድማ ሕዋሳቷን ታበዛለች፤ ቀጥሎ እነዚያው ሕዋሳት ውሃ እየሳቡ ይገዝፋሉ፤ የጭማቂው ከረጢቶችም በዚሁ ዘመን፣ ስዊድናዊው ሊቅ ካርል ቪልሄልም ሼለ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1784 ከሎሚ ጭማቂ ለይቶ ያወጣውን ሲትሪክ አሲድ ያከማቻሉ። ብስለት ሲቃረብ ግን ብርቱካኑ ያንኑ አሲድ ለገዛ እስትንፋሱ እያዋለ ያጎድለዋል፤ ከቅጠሉ የሚወርደው ስኳርም በአንጻሩ እየበዛ ይሄዳል። ስለዚህ የብርቱካን ጣዕም የሚወለደው ከስኳሩ መብዛት ብቻ ሳይሆን ከአሲዱም መጉደል ነው። ሎሚ ከዚህ ሥርዓት የተለየ ነው፤ የበሰለ ብርቱካን ጭማቂ አሲዱ ከመቶ 1 እጅ ገደማ ሲሆን፣ ሎሚ ግን ከመቶ 5 እጅ የሚበልጠውን እስከ ፍጻሜው ይዞ ይዘልቃል።

የልጣጩ ኅብር በሌላ ሕገ ተፈጥሮ ይመራል። ሐመልማሉን የሚሰጠው ክሎሮፊል ፈርሶ፣ ካሮቲኖይድ የተባለው ብጫና ብርቱካናማ ቀለም ጎልቶ እንዲወጣ የሌሊት ቅዝቃዜ ያስፈልጋል፤ ይኸውም አየሩ ወደ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በታች ሲወርድ ነው። ሌሊቱ በማይበርድበት በዓባይ ሸለቆ ቆላ እንግዲህ ልጣጩ እንደለመለመ ይቆያል፤ ሙቀቱ ግን አሲዱን ፈጥኖ ስለሚያጎድለው ውስጡ ቀድሞ ይጣፍጣል። ወደ ቦረና ወይና ደጋ ከፍ በተባለ መጠን ደግሞ ብርዱ ልጣጩን ሲያስውበው አሲዱን ያቆይበታልና፣ መልኩ ያማረው ፍሬ ገና የኮመጠጠ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ሙዝና ማንጎ ከተቆረጡ በኋላ ያከማቹትን ስታርች ወደ ስኳር ስለሚለውጡ በቤት ውስጥ ይበስላሉ፤ ብርቱካን ግን እንዲህ ያለ የተከማቸ ስታርች የለውምና፣ ከዛፉ በተለየበት ሰዓት የስኳሩ መጠን በዚያው ይወሰናል። ቀኑ ሳይደርስ የተለቀመውን ብርቱካን በጆንያ ቢያቆዩት ልጣጩ ሊጠወልግ እንጂ ጣፋጭነት ሊጨምር አይችልም።

ስለሆነም የተክሉ ባለቤት ከመልቀሙ በፊት ከየዛፉ ጥቂት ፍሬ ቆርጦ ይቅመስ፤ የሚገዛውም ሰው በእጁ ከበድ የሚለውን መርጦ አንዱን ይቅመስ። ቀለም ብቻ አይቶ ዋጋ የሚሰብር ገዢ፣ የቆላውን ገበሬ በአየሩ ጠባይ ምክንያት ይቀጣዋል፤ ገበሬውም ይህን ቅጣት አይቶ ሌላ ጊዜ ለብስለት የሚታገሥበት ምክንያት ያጣል።