የምሕንድስና ሰነዶች ማኅደርና የፎልደር ፈቃድ አሰጣጥ

የምሕንድስና ሥራ የሚካሄድበት መሥሪያ ቤት ሁሉ ሁለት ዐይነት ሀብት አለው። አንደኛው በዐይን የሚታየው ሕንፃና መሣሪያ ሲሆን፣ ሁለተኛው እነዚህ የተሠሩበት ወይም ወደ ፊት የሚሠሩበት ንድፍና ስሌት ነው። ይህ ሁለተኛው ሀብት ቀድሞ በመዝገብ ቤት በዶሴ ታስሮ ይቀመጥ ነበር፤ የሚፈልገው ሰው ለመዝገብ ቤቱ ሹም ነግሮ፣ ፈርሞ ይወስዳል፣ ሲጨርስም ይመልሳል። ዛሬ ንድፉ በኮምፒዩተር ሰርቨር ላይ በፎልደር ተከፋፍሎ የሚቀመጥ ሲሆን፣ የሹሙን ሥራ የሚሠራው ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ ግን እንደ ሹሙ የሰውን ፊት አይቶ አይጠረጥርም፤ አስቀድሞ የተነገረውን ብቻ ይፈጽማል። ስለዚህም ማን የትኛውን ፎልደር እንዲያይ፣ እንዲለውጥ ወይም እንዲሰርዝ አስቀድሞ መወሰን ግድ ይሆናል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልናስረዳ ያሰብነው የዚህን ውሳኔ አሠራር ነው።

ጉዳዩ የጽሕፈት ቤት ሥርዐት ብቻ አለመሆኑን ለማሳየት አንድ የታወቀ አደጋ እንጠቅሳለን። እ.ኤ.አ. ጁላይ 17 ቀን 1981 በአሜሪካ፣ በካንሳስ ሲቲ ከተማ፣ በሃያት ሬጀንሲ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ከጣራው የተንጠለጠሉ ሁለት የእግር መሸጋገሪያዎች ወድቀው 114 ሰዎች ሞቱ። በመጀመሪያው ንድፍ ሁለቱንም መሸጋገሪያዎች የሚይዘው ከጣራው የሚወርድ አንድ ረዥም የብረት ዘንግ ነበር። በኋላ ዘንጉ ለሁለት ተከፍሎ የታችኛው መሸጋገሪያ በላይኛው ላይ እንዲንጠለጠል ተደረገ፤ በዚህም ምክንያት በላይኛው መሸጋገሪያ መጋጠሚያ ላይ የሚያርፈው ጭነት እጥፍ ሆነ። ለውጡን የያዘው ንድፍ ማኅተም ታትሞበት ወደ ሥራ ተላለፈ፤ መጋጠሚያው ግን እንደገና አልተሰላም ነበር። እርግጥ ነው፣ ማንኛውም የፈቃድ ሠንጠረዥ ጭነት አያሰላም። የሆነ ሆኖ «ጸድቋል» የሚለውን ቃል ማን ሊጽፍ ይችላል፣ ከተጻፈስ በኋላ ንድፉን ማን ሊነካ ይችላል የሚለው ጥያቄ የሰው ሕይወት የሚያስከፍል መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ወደ አሠራሩ እንመለስ። በትለር ላምፕሰን የተባሉ አሜሪካዊ የኮምፒዩተር ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጽሑፍ ነገሩን በሠንጠረዥ መልክ አስቀምጠውታል፤ ይኸውም በአንድ ወገን ተጠቃሚዎች፣ በሌላው ወገን የሚጠበቁት ነገሮች ይደረደራሉ፣ በመገናኛቸው ላይም የተፈቀደው ሥራ ይጻፋል። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ችግሩ የሠንጠረዡ ስፋት ነው። አንድ መሥሪያ ቤት 60 ሠራተኞችና 400 ፎልደሮች አሉት እንበል፤ 24,000 ቦታዎች መሞላት አለባቸው ማለት ነው። ሠራተኞቹን በስም ሳይሆን በሥራቸው በ6 ቡድን ብንከፍላቸው ወደ 2,400 ይወርዳል። ፈቃዱ በ20 ዋና ዋና ፎልደሮች ላይ ብቻ ተሰጥቶ የበታቾቹ ከበላያቸው እንዲወርሱ ብናደርግ ደግሞ 120 ብቻ ይቀራል። ይህን ያህሉን አንድ ሰው በአንድ ቀን ሊመረምረው ይችላል፤ 24,000ውን ግን ማንም አይመረምረውም። በሥራ ድርሻ ፈቃድ የመስጠትን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1992 ፌራዮሎና ኩን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በሥርዐት ጽፈው አቅርበውታል።

ለምሳሌ የምንወስደው አውቶዴስክ ቮልት የተባለውን ፕሮግራም ነው። በዚህ ፕሮግራም አንድ ሰው ፋይል ዘንድ ለመድረስ ሁለት በር ያልፋል። አንደኛው በር የሥራ ድርሻው ነው፤ አንባቢ ብቻ ተብሎ የተመዘገበ ሰው በየትኛውም ፎልደር ምንም ሊለውጥ አይችልም። ሁለተኛው በር የፎልደሩ የስም ዝርዝር ነው፤ በእርሱም ላይ ማየት፣ መለወጥና መሰረዝ ለየብቻ ይፈቀዳሉ ወይም ይከለከላሉ። ዝርዝሩ ባዶ ከሆነ ፎልደሩ እንደየድርሻው ለሁሉም ክፍት ነው። አንድ ስም ከገባበት ጊዜ ጀምሮ ግን ያልተጻፈው ሁሉ ውጭ ይቀራል። አንድ ሰው ለመጨመር ብሎ ሠላሳ ሰው የሚያስወጣ አስተዳዳሪ የሚፈጠረው ከዚህ የተነሣ ነው።

ስለ ክልከላም አንድ ነገር እንበል። አለመፍቀድና መከልከል አንድ አይደሉም። በቮልት አንድ ሰው በሁለት ቡድን ውስጥ ቢገኝ፣ አንደኛው ቡድን ቢፈቅድለት ሌላው ቢከለክለው፣ የሚጸናው ክልከላው ነው። በዊንዶውስ የፋይል ሥርዐት ግን በራሱ በፎልደሩ ላይ የተጻፈ ፈቃድ ከበላይ የተወረሰውን ክልከላ ያሸንፋል። አንዱን የለመደ ሰው በሌላው ላይ ሲሠራ የማይጠብቀው ውጤት ይገጥመዋል። በእኛ አስተያየት ክልከላን እጅግ አስፈላጊ ካልሆነ በቀር አለመጠቀም ይሻላል፤ ሊገባ የማይገባውን ሰው በዝርዝሩ ላይ አለመጻፍ ይበቃል፣ ምክንያቱን ለመፈለግም አያስቸግርም።

የምሕንድስና ሰነድ ከሌላው ጽሕፈት የሚለይበት ዋናው ነገር ግን ፋይሎቹ እርስ በርሳቸው የተሳሰሩ መሆናቸው ነው። የአንድ ፓምፕ ጠቅላላ ንድፍ አንድ ፋይል ብቻ አይደለም፤ የአካሉን፣ የዘንጉን፣ የብሎኖቹን ፋይሎች ከየፎልደራቸው እየጠራ ይሰበስባል። ስለዚህ የፓምፑን ፎልደር እንዲያይ የተፈቀደለት፣ የብሎኖቹን ፎልደር ግን እንዲያይ ያልተፈቀደለት ሰው ንድፉን ሲከፍት ክፍሎቹ የጎደሉበት ፓምፕ ያገኛል። የዚህ ተቃራኒ የባሰ ነው። በጋራ የሚሠራበትን የብሎን ፎልደር ሁሉም ሊለውጠው ይችል ዘንድ ክፍት ብንተወው፣ አንዱ ለራሱ ፓምፕ ሲል ብሎኑን በ5 ሚሊሜትር ያስረዝመዋል፤ ፋይሉም አንድ ስለሆነ በሌሎች ማሽኖች ንድፍ ላይ ያለው ብሎን አብሮ ይረዝማል። ይህን ያደረገው ሰው ክፋት አላሰበም፤ ፎልደሩ የእርሱ ብቻ መስሎት ነው። ስለዚህም የጋራ ክፍሎች ፎልደር ለሁሉም ሊታይ፣ በሁለት ወይም በሦስት ሰዎች ብቻ ሊለወጥ ይገባዋል እንላለን። ሌሎቹ ለውጥ ቢያስፈልጋቸው አዲስ ክፍል እንዲሠራላቸው ይጠይቁ። ይህ ሥራ ያዘገያል የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው ያዘገያል፣ ነገር ግን የሚያዘገየው በሰዓት እንጂ በወር የሚቈጠር አይደለም።

ፎልደር ብቻውን ደግሞ አይበቃም፤ አንድ ንድፍ በዚያው ፎልደር ሳለ ዕድሜው ይለወጣልና። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው አይኤስኦ 19650 የተባለው የዓለም አቀፍ ደረጃ የግንባታ መረጃን በአራት ይከፍለዋል፤ እነርሱም በሥራ ላይ ያለ፣ ለሌሎች የተካፈለ፣ የጸደቀና በማኅደር የተቀመጠ ናቸው። በቮልትም ፋይሉ ያለበት ደረጃ የራሱ ፈቃድ ሊኖረው ይችላል፤ ንድፉ ሲጸድቅ የፎልደሩ ዝርዝር «ይለውጥ» ቢልም ደረጃው «አይለወጥም» ይላል። ንድፉን የሣለው ሰው ራሱ ከምርመራ ወደ መጽደቅ እንዳያሳልፈው ማድረግም ይቻላል። ማኅተሙ የመርማሪው ሥራ ምስክር ሊሆን የሚችለው ይህ ሲደረግ ነው።

የቀረው ጥገናው ነው። ከአንድ ሥራ ወደ ሌላ የተዛወረ መሐንዲስ የቀድሞ ቡድኑን ፈቃድ ይዞ ሲሄድ፣ ሥራውን የጨረሰ ተቋራጭም ስሙ ሳይሰረዝ ሲቀር ማየት የተለመደ ነው። ፈቃዱ በቡድን የተሰጠ ከሆነ አንድን ስም ከአንድ ዝርዝር ማውጣት ይበቃል። አስተዳዳሪውም የሠራውን በራሱ ስም ገብቶ ቢመረምረው ለእርሱ ሁሉ ስለሚከፈትለት ምንም አያገኝም፤ ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ የመሞከሪያ ተጠቃሚ አዘጋጅቶ፣ በዚያ ስም ገብቶ፣ የፓምፑን ንድፍ ከፍቶ ብሎኖቹ መኖራቸውን ይይ፤ ቀጥሎም የጸደቀውን ንድፍ ለመለወጥ ይሞክር።